የሊማሊሞ ዘጠኝ መታጠፊያና የእናቴ ስለት

እውነቱን ተናግሬ ልጀምር፤ ከቤቴ የወጣሁት ስለት ላደርስ ሳይሆን ስለት ላታልል ነው። ከተመለስኩ ወዲህ የመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ «እንዴት ነበር? ጻፍልን እንጂ!» እያሉ ነዝንዘውኛል። አንዳቸውም ወደዚያ አገር እንደማይሄዱ አውቃለሁ፤ ከደባት ጠጅ ቤቶች የሚያርቃቸው ነገር እስካሁን አልተፈጠረም። እንግዲያው ቁጭ ብለው ያንብቡት።

ነገሩ እንዲህ ነው። አምስት ዓመቴ ላይ ፈንጣጣ ይዞኝ ነበር። ጎረቤቱ ስለ መቃብሬ በሹክሹክታ መነጋገር ሲጀምር እናቴ ደጅ ወጥታ ወደ ሰሜን ዞረችና፣ ከሊማሊሞ ማዶ ቆላው ውስጥ ያለችውን የሾላ ሜዳ ኪዳነ ምሕረትን ጠርታ «ይህን ልጅ ካተረፍሽልኝ ብቻውን፣ በእግሩ መጥቶ ይሳለምሻል» ብላ ተሳለች። ተረፍኩ። ማስረጃው ፊቴ ላይ ተነቅሶ ይታያል። ከዚያ በኋላ ግን ተማርኩ፣ የወረዳ ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ ሆንኩ፣ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሞላኝ፤ ስለቱ እዚያው ባለበት ቀረ። በየዓመቱ «ለከርሞ እሄዳለሁ» እላለሁ፤ እናቴም በየዓመቱ ዝም ትላለች።

ዘንድሮ ገና በዋለ በሳምንቱ የእናቴ እግር አበጠና አልጋ ላይ ዋለች። አንድ ጠዋት ጠራችኝ።

«ታደለ!»

«አቤት እማዬ።»

«እኔ እንግዲህ መሄዴ ነው። ወዲያ ስሄድ ኪዳነ ምሕረትን በምን ዓይኔ ልያት? ‹ልጁን ሰጠሁሽ፣ የታለ?› ብትለኝ ምን ልበላት?»

ምን ይባላል? «እሄዳለሁ» አልኩ። በዓሉ የካቲት አሥራ ስድስት ነውና የአምስት ቀን ፈቃድ ጠየቅኩ።

ዕቅዱን በወረቀት አሰፈርኩት፤ ጸሐፊ ነኝና ያልጻፍኩት ነገር የሆነ አይመስለኝም። እስከ ከተማው ዳር ድልድይ በእግር። ከድልድዩ ወዲያ በገብሬ መኪና። ገብሬ ወደ ቆላ እህል የሚያመላልስ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ የልጅነት ጓደኛዬ፣ የክፋት መምህሬም ነው። ደባርቅ አንድ ቀን ተደብቄ ዕረፍት፣ ከዚያ በመኪናው ሊማሊሞን ወርጄ ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ዱብ፣ የመጨረሻዋን አንድ ሺህ እርምጃ ደግሞ እያነከስኩ። ወረቀቱን አጥፌ ውዳሴ ማርያሜ ውስጥ ሸሸግኩት። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

እናቴም በበኩሏ ትዘጋጅ ነበር፤ ይህን ያወቅኩት ግን ከረፈደ ነው። በገበያ ቀን ከየገጠሩ የሚመጣ ዘመድ ሁሉ እሷን ሳይጠይቅ አይመለስም። አልጋዋ ላይ ሆና እያንዳንዱን ጆሮው ድረስ ስባ ታንሾካሽካለች። እኔ የጤና ነገር መስሎኝ ነበር። ብልጥ ለብልጥ ዓይን ብልጥጥ ማለት ይህ ነው።

የካቲት 13። ጎህ ሲቀድ ወጣሁ። ጋቢ፣ ዱላ፣ ጧፍ፣ አንድ ቁና የሚሞላ በሶና ዳቦ ቆሎ ይዣለሁ። የየካቲት ጠዋት ደባት ላይ ውርጩ ጥርስ ያንቀጫቅጫል፤ ግን ሞተር የሞቀ መኪና ስለሚጠብቀኝ አልከፋኝም። ድልድዩ ጋ ስደርስ ከመኪናው በፊት አንድ ሽማግሌ በጋቢያቸው ተጀቡነው ግንቡ ላይ ተቀምጠው ቆሎ ይቆረጥማሉ። አያ ንጉሤ ናቸው፣ የእናቴ የአጎት ልጅ።

«እንደምን አደሩ አያ ንጉሤ? በዚህ ብርድ ምን ያደርጋሉ?»

«አንተን ልይ ነዋ! እናትህ ልካብኝ። ‹ልጄ ብቻውን ነው፣ ድልድዩን ሲሻገር እይልኝ› አለችኝ።»

ይህን ሲሉ የገብሬ መኪና እያጓራ መጣና አጠገቤ ቆመ። ገብሬ በሩን ከፍቶ «ግባ እንጂ!» ከማለቱ አያ ንጉሤ ብድግ ብለው የመኪናውን አፍንጫ በዱላቸው ቋ! አደረጉት።

«አንተ! የስለት መንገደኛ ታሳስታለህ? ሂድ ወዲያ! ሰይጣን!»

ገብሬ እኔን አየኝ፤ እኔ ሰማይ ሰማዩን አየሁ። መኪናው አቧራውን አልብሶን ሄደ።

አያ ንጉሤ «የተሳለችው ብቻውን ብላ ነውና አብሬህ አልሄድም» አሉኝ። እውነትም አብረውኝ አልሄዱም። ድንጋይ ቢወረወር የማይደርስበት ያህል ርቀው ከኋላዬ መጡ። ቆም ስል ይቆማሉ፤ ስሄድ ይሄዳሉ። የሚቀጥለው መንደር ላይ ለእህታቸው አስረከቡኝ፤ እህትየዋም አብልተውኝ ሲያበቁ በተራቸው ከኋላዬ ተከተሉ፤ ከዚያ ለእናቴ ሚዜ ልጅ አስረከቡኝ። እንደ ፖስታ ከእጅ ወደ እጅ ተላለፍኩ። ጾሙ ሊገባ ሳምንት የቀረው የቅበላ ሰሞን ስለሆነ ቤቱ ሁሉ ሥጋውን ለመጨረስ ይሽቀዳደማል። «በሞቴ!» «አፈር ስሆን!» «ይቺን ብቻ!» ሲሉኝ ፀሐይ አናቴ ላይ ሳትደርስ ሦስት ምሳ በላሁ። ተሳላሚ ሲከሳ እንጂ ሲወፍር አይቼ አላውቅም፤ እኔ ግን ደባርቅ ስገባ ቀበቶዬን አንድ ቀዳዳ አላልቼ ነበር።

ደባት ብርድ አለ የምንል ሰዎች ደባርቅን ይቅርታ ልንጠይቅ ይገባል። የእኛ ብርድ ጋቢ ሲያይ ያፍራል፤ የእነሱ ጋቢውን ራሱን ይለብሳል። ያደርኩት የእናቴ የክርስትና ልጅ ከሆኑት ከእትዬ ትርንጎ ቤት ነው። ገና ሳልቀመጥ ገበቴና የሞቀ ውኃ መጣ። እንግዳን እግሩን ማጠብ የአገራችን ወግ ነውና ጫማዬን አውልቄ ተንደላቀቅኩ። እትዬ ትርንጎ ግን እግሬን አጥበው አልለቀቁትም። ወደ እሳቱ ብርሃን አዙረው ተረከዜን አዩ፣ የውስጥ እግሬን በአውራ ጣታቸው ተጫኑ፤ ውኃ የቋጠረውን ሲያገኙት ፊታቸው በራ።

«እሰይ! ተራምዷል።»

«ምኑን ነው የሚያዩት እትዬ?»

«እናትህ ‹መንገደኛን አፉን አትጠይቂው፣ እግሩን እጠቢው› ብላ ልካብኛለች። ይኸው በገበያ ቀን እነግራታለሁ።»

ጉዴ ፈላ! እናቴ የእንግዳ ክብርን ወደ ፍተሻ ጣቢያ ለውጣዋለች። ያን ሌሊት የቤቱን አንድ አልጋ ለእኔ ለቀው እነሱ መሬት ተኙ። እንዲህ ያለ ደግነት ደባት ውስጥም አለ፤ ቁንጫ ግን እንደ ደባርቅ አይቼ አላውቅም። ተሳላሚው እኔ ብቻ አልመሰለኝም፤ እነሱም ሁሉ እኔን ሊሳለሙ የመጡ ነበሩ።

የካቲት 14። ጠዋት የእትዬ ትርንጎ ወንድም እንደ ደንቡ ርቀው እየተከተሉኝ የሊማሊሞ አፋፍ ድረስ ሸኙኝ። እዚያ ላይ አገር ያልቃል። እስከዚያች ድረስ ሜዳና ገብስ ሲያይ የኖረ እግር ድንገት አየር ላይ ይቀራል፤ መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ታች ይወርዳል፣ ጭላዳ ዝንጀሮዎች ገደሉ ላይ ሣር እየነጩ የሰውን ሥራ ፈትነት ይታዘባሉ። ሰውዬው «ከዚህ በታች ዘመድ የለንም፣ እግዜር ይከተልህ» ብለው ሲመለሱ ሰማሁ። ዘመድ የለም! ጆሮዬ ውስጥ እንደ ቅዳሴ ጣመኝ።

ወዲያው ገብሬ ከደባርቅ በኩል መጣ። ያደረው እዚያው ነው፤ በእግሬ እንደማልዘልቀው ያውቃል።

«እህሳ፣ አባ ተሳላሚ! ሽማግሌህ የት ሄዱ?»

ዞር ብዬ አየሁ። ማንም የለም። ጭነቱ ላይ ወጥቼ በገብስ ጆንያ መሃል ተጋደምኩ። እግሬን ሳነሳው የተሰማኝን ደስታ ልገልጸው አልችልም።

ደስታው እስከ መጀመሪያው መታጠፊያ ቆየ። በእግር ሲታይ መንገዱ መንገድ ነው። ከጆንያ አናት ላይ ሲታይ ግን መንገድ የሚባል ነገር የለም፤ ጎማው የት እንደሚረግጥ አይታይም፣ የሚታየው የታችኛው ዓለም ብቻ ነው። ዓይኔን ጨፈንኩ። መኪናው በታጠፈ ቁጥር «በስመ አብ» እያልኩ ቆጠርኩ። አንድ። ሁለት። አምስተኛው ላይ አንድ ላም ወደ መንገዱ ስትገባ ገብሬ ፍሬን ያዘና ከነጆንያው ወደ ገደሉ አዘነበልኩ። ዘጠነኛው ላይ የጋቢናውን ጣሪያ በቡጢዬ ደበደብኩት።

«አውርደኝ!»

«ገና ነው እኮ!»

«አውርደኝ አልኩህ! በእናትህ!»

ገብሬ እንዲህ ሲስቅ ያየሁት ድግስ ላይ የአማቱ ወንበር የተሰበረ ቀን ብቻ ነው። ወረድኩ፤ የቀረውን ሁሉ በእግሬ። ስለት ያላስኬደኝን መንገድ ፍርሃት አስኬደኝ። ጉልበቴ እንደ አሮጌ በር እየተንቋቋ፣ በየሰዓቱ አንድ ልብስ እያወለቅኩ ወረድኩ፤ ጠዋት ውርጭ የጠበሰው ገላዬ ከሰዓት በኋላ ላብ ጠጣ።

ግርጌው ላይ ዘመድ የለም ቢሉኝም የእናቴ ወዳጅ ነበሩ፤ እናቴ አንዴ ለወዳጅነት የያዘችው ሰው አያመልጥም። እማ ለተብርሃን ይባላሉ፤ በወጣትነታቸው ደባት እየመጡ በርበሬ ይሸጡ ነበር፤ እናቴም ስወጣ እሳቸው ቤት እንዳድር ነግራኛለች። ቤታቸውን ከሩቅ ሳይ ወንዝ ዳር ተቀምጬ ራሴን አሰናዳሁ፦ እግሬን አቧራ ቀባሁ፣ ጣቶቼን በጠጠር ፈገፈግኩ፣ እያነከስኩም ገባሁ።

«እንኳን ደህና መጣህ፣ የደባት ልጅ!» አሉ፤ አማርኛቸው ውስጥ ትግርኛው ይሰማል። ገበቴ መጣ። አጠቡኝ። አንዴ አዩ፣ ደግመው አዩ። ውኃውን ደፉ፣ ቀይ የማሽላ እንጀራ በፍየል ወጥ አቀረቡ። የማሽላ እንጀራ ለእኛ ለጤፍና ለገብስ ሰዎች መጀመሪያ ሻከር ይላል፤ አራተኛው ጉርሻ ላይ ግን ከእኛው ይበልጣል ወደሚል ክህደት ይወስዳል። በልቼ ስጨርስ አጠገቤ ተቀመጡ።

«ልጄ፣ ሊማሊሞን ከአናቱ ጀምሮ የወረደ ሰው የአውራ ጣቱ ጥፍር ይጠቁራል። እዚህ ቤት ስንቱን አጥቤአለሁ። ያንተ ቀልቷል እንጂ አልጠቆረም። ስንት መታጠፊያ ሰረቅህ?»

«ዘጠኝ» አልኩ። ከአፌ ሾልኮ ወጣ።

«ዘጠኝ» አሉ። «እኔ ለእናትህ አልልክባትም። አንተ ትነግራታለህ።»

«ካልነገርኳትስ?»

«ካልነገርካትማ ደስ ብሏት ትሞታለች፤ አንተ ግን እያወቅህ ትኖራለህ።» ከዚያ ቅቤ አቅልጠው መጡና ያንን የዋሸ እግሬን አሹልኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ ምሽት አፍሬ አላውቅም።

የካቲት 15። በጠዋት ተነሥቼ ተጓዝኩ። አንድ አውቶቡስ ቆሞ ረዳቱ «አዲ አርቃይ! አዲ አርቃይ!» እያለ ጠራኝ፤ እጄን አወዛወዝኩና አለፍኩ። ማንም ሳያየኝ እምቢ ያልኩት የመጀመሪያው ነገር ይህ ሳይሆን አይቀርም። ሙቀቱ ይጋግራል። ደባት ቢሆን በዚህ ሰዓት ጥላ የሚፈልግ ሰው ይሳቅበታል፤ እዚህ ግን ጥላ ያለው ዛፍ ሁሉ ሥር ሰው ወይም ፍየል አለ፤ ፍየሎቹም ቦታ አይለቁም። በሶዬን በጥብጬ ጠጣሁ። ማታ ላይ ሾላ ሜዳ ስደርስ ከየአገሩ የመጣው ተሳላሚ ሾላው ሥር ጨርቁን አንጥፏል። እኔም ጋቢዬን አንጥፌ ከአንድ የጠለምት ባልና ሚስት አጠገብ ተጋደምኩ፤ ዱባ ወጥ አካፈሉኝ።

የካቲት 16። ታቦቱ ወጥቶ ከገባ በኋላ ስለት የሰመረለት ሰው እየተነሣ ይናገራል፤ ሕዝቡ እልል ይላል። የቦታው ወግ ነው። አንዷ ሴት ዐሥራ ሁለት ዓመት መካን ቆይታ የወለደችውን አሳየች፤ አንዱ የጠፋ በሬው መገኘቱን ተናገረ፤ ለበሬውም እልል ተባለ። ከዚያ መምሬ አስረስ የተባሉ ሽማግሌ ቄስ በመስቀላቸው ጠቆሙኝ።

«አንተ፣ አቧራ የለበስከው! ከየት መጣህ?»

«ከደባት፣ አባቴ። እናቴ በፈንጣጣ ጊዜ ‹በእግሩ ይመጣል› ብላ ተስላልኝ ነው።»

«በእግርህ መጣህ?»

«በእግሬ!» ከማለቴ እልልታው ሞቀ። የሴቶቹን ፊት ሳይ ግን እናቴን አየኋት። «ከዘጠኝ መታጠፊያ በቀር» አልኩ።

እልልታው መሃል ላይ ተቆረጠ። ከዚያ አንዱ ፈነዳ፣ ሜዳው ሁሉ ሳቀ፣ መምሬ አስረስም ጢማቸውን ይዘው ሳቁ። ሲበርድላቸው እንዲህ አሉኝ፦ «እመቤታችን ከመኪና ጋር ጠብ የላትም። ቃሉ ግን የእናትህ ነው። ሂድና እሷን ጠይቃት፤ ይበቃል ካለች ይበቃል።» በጠርሙስ ጸበል፣ በጨርቅም እምነት ቋጥረው ሰጡኝ። እምነት የምንለው ከቤተ ክርስቲያኑ የሚወሰደውን የተባረከ አፈር ነው።

የካቲት 17። የተሳለችው መሄዱን እንጂ መመለሱን አይደለምና ስመለስ በገብሬ መኪና ነው፤ ጋቢና ውስጥ። ገብሬ «ለእናትህ ከተናገርክ አበድክ ማለት ነው» አለኝ። እኔ ጸበሉን ጭኔ ላይ አድርጌ እስከ አፋፉ መታጠፊያዎቹን ቆጠርኩ።

እናቴ በትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች፤ ሦስት የጎረቤት ሴቶች ከበዋታል። እምነቱን ተቀብላ ግንባሯን ቀባች። ከዚያ «እግርህን» አለች። ገበቴው ተዘጋጅቶ ነበር።

«አይታጠብ፣ እማዬ። ዘጠኝ መታጠፊያ በመኪና ወርጃለሁ።»

ሴቶቹ ለመውጣት ብድግ አሉ፤ ወሬው ጣማቸውና ተመልሰው ተቀመጡ።

«ከየት ጀምሮ?»

«ከአፋፉ።»

ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። አለቀሰች ብዬ ስደነግጥ ለካ ሳቅ ነው። ከዚያ ሳቁ ሄደና እውነተኛው ልቅሶ መጣ።

«አንተ ዘጠኝ መታጠፊያ ነው የሰረቅሃት። እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት ሰርቄአታለሁ።»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«የተሳልኩት ‹ሰባት ዓመት ሲሞላው› ብዬ ነበር። የጨነቃት እናት ምን የማትለው አለ? ሰባት ሞላህ። ስንቅህን ቋጥሬ ደጅ ድረስ አወጣሁህ። ከዚያ ያ ገደል ትዝ አለኝ። ስንቁን ፈትቼ እዚያው አበላሁህና ‹ለዘንድሮ ማሪኝ› አልኳት። በዓመቱም ‹ማሪኝ›። ኋላ አንተ ስታድግ ፍርሃቴ አብሮህ አደገ። ‹ለከርሞ እሄዳለሁ› ስትለኝ ውስጤ እልል ይል ነበር።»

«እንግዲያ ያን ሁሉ ዘመድ መንገድ ላይ ያስቀመጥሽብኝ…»

«እንዳታታልል ነው፤ እሱም አለ። አውቅሃለሁ። ግን ሠላሳ ስምንት ዓመት የሞላው ልጄ ገደል ይገባብኛል ብዬ ነው፤ ምን ላድርግ!»

ስንፍናዬ ነው ብዬ የተሸከምኩት ነገር ግማሹ የእሷ ፍርሃት ነበር። እጇን ሳምኩት።

«ይበቃል በይኛ» አልኳት።

እንባዋን በነጠላዋ ጠረገች። «አይበቃም። ቅዳሜ እንሄዳለን። አንተ ትወርዳለህ፣ እኔ አይሃለሁ።»

ቅዳሜ ገብሬና እኔ ተሸክመን ጋቢና ውስጥ አስገባናት። ከገና ወዲህ ደጅ ስትወጣ የመጀመሪያዋ ነው። አፋፉ ላይ አጎዛ አንጥፈን አስቀመጥናት፤ ገብሬ አጠገቧ ቆመ። ገደሉን አየችና ፊቷ አመድ መሰለ፤ እጄን ግን ለቀቀችው።

«ሂድ።»

ጀመርኩ። «በውስጥ በኩል! በዳር አትሂድ!» የሚለው ድምፅዋ እስከ ሦስተኛው መታጠፊያ ተከተለኝ። ከዚያ በኋላ ድምፁ ቀረ፤ በየመታጠፊያው ዞር ስል ነጭ ነገር ብቻ ይታየኛል፣ እያነሰ። እኔም ሳላውቀው በውስጥ በኩል እሄድ ነበር። ዘጠነኛው ላይ ደርሼ ዱላዬን ከፍ አድርጌ አወዛወዝኩ።

ነጩ ነገር ረዘመ። እናቴ ቆመች። ገብሬ ሊደግፋት እጁን ሲዘረጋ፣ እሷም ስትገፋው ከታች ሆኜ አየሁ። ከዚያ ወደ ቆላው ዞራ መሬት ድረስ ሰገደች፤ ነጠላዋ አጠረ፣ ረዘመ፣ አጠረ፣ ረዘመ፣ ደግሞ አጠረና ረዘመ።

ገብሬ ከላይ ጥሩምባውን ነፋ፤ ልምጣና ላውጣህ ማለቱ ነው። እጄን አወዛወዝኩለትና አቀበቱን በእግሬ ተያያዝኩት።